ጥናታችን ስንት ጊዜ ተጠቀሰ?

ጥቅምት 6

ይድረስ ለልጄ ለዶክተርዬ፣

ከሰላምታዬ በፊት ምርቃቴ ይቅደም፤ ክፉ አይይሽ፣ የወጣሽበት ደጅ መልካም ይሁንልሽ፣ በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ። አሁን እንዴት ነሽ? ጤናው፣ ሥራው፣ ብርዱ እንዴት ነው? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከመለገሙ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ናት፤ «ከስታ ከሆነ ፎቶ እንዳትልክ» ብላለች። ልጄ ሎጋውም ያንኑ የውሃ ቦቴውን ከጦር ሰፈሩ ወደ ምሽጉ ይነዳል። ቁመቱ መቼም የጉድ ነው፤ ጋቢና የሚገባው ተጣጥፎ ነው።

«በስልክ አይሻልም ወይ?» እንዳትዪኝ። ግራ ጆሮዬን መድፍ ከወሰደው ቆይቷል፤ ቀኙም ወንድሙን ሊከተል አሰፍስፏል። አንቺ ስለ ሥራሽ ስታወሪ እኔ ስለ ዝናቡ እየመለስኩልሽ ስንት ጊዜ ተኳርፈናል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በዚህ ወታደር ሆስፒታል ሁሉም ሰው «ፋሻ» ነው የሚለኝ፤ እውነተኛ ስሜን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ነርስ ነኝ፣ ግን ዋናው ሥራዬ ማስተማር ነው። የማስተምረውም ሐኪም አይደለም፤ ሾፌሩን፣ ወጥ ቤቱን፣ ዘበኛውን ነው። ሰው እግሩ ተመቶ ደሙ እንደ ቧንቧ ሲፈስ ሐኪም እስኪመጣ አይቆይም። አጠገቡ ያለው ሰው ነው የደም ማቆሚያውን ማሰሪያ ከቁስሉ በላይ አጥብቆ ማሰር ያለበት። ይህችን ብቻ ሳስተምር ሸበትኩ።

አሁን አዲስ የሆስፒታል ኃላፊ መጣልን። ኮሎኔል ነው፤ የተማረ፣ ጨዋ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። ግን «ደህና አደሩ?» ብትዪውም «ማስረጃው የታለ?» ሳይልሽ አይቀርም፤ ሰዉ ስሙን «ማስረጃ» ብሎታል። የማሰሪያ ትምህርቴን ሊዘጋው ተነስቷል። «በዓለም ደረጃ ተቀባይነት ያለው ሥራ መሆኑን ያሳዩኝ» አለኝ።

ከሻምበል ሐኪሙ ጋር የሠራነው ጥናት ትዝ ይልሻል? ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ጻፈ፣ እኔ ወታደሩን አስተማርኩ፣ ቁስለኛውን ተከታተልኩ። በውጭ መጽሔት ወጣ። መጨረሻው ላይ «ለዋናው አስተማሪ ምስጋና» የሚለው እኔን ነው። አንቺ እዚያ ሥራሽ ይኼው አይደል፤ በወታደር ድንገተኛ ሕክምና ላይ የተጻፈውን ጥናት ማን ጠቀሰው፣ ስንት ሰው ተከተለው እያሉ መቁጠር? እስቲ የእኛንም ቁጠሪልኝ። ቁጥሩን ብቻ ላኪልኝ፣ ሌላ አያስፈልገኝም። ይህ ትምህርት ከተዘጋ ሎጋውና ጓደኞቹ እዚያ በረሃ ላይ ሜዳ ላይ ቀሩ ማለት ነው።

አጎትሽ ፋሻ


ኅዳር 3

ለጋሼ፣

ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጉልበትዎንም ልግመቱን ያስተወው! እኔ ደህና ነኝ። ለእትዬ ይንገሩልኝ፤ አልከሳሁም፣ እንዲያውም ቀሚሶቼ እየከዱኝ ነው።

ጋሼ፣ ተቀምጠው ነው የሚያነቡት? ይቀመጡ። አራት መቶ አሥራ ሁለት!

አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጠቅሳችኋል! ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ፈተሽኩት፤ የማሽኑ ስህተት መሰለኝ። እዚህ ቢሮ ስንት ስመ ጥር ጄኔራል ሐኪም፣ ስንት ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ጽፎት ሃያ ሰው እንኳን ያላስታወሰው ጥናት እቆጥራለሁ። ለዘንድሮው ሪፖርት ባዘጋጀሁት ዝርዝር ውስጥ የእናንተ ሰባተኛ ነው። ከዓለም! ለካ በየቀኑ እያየሁት ያለፍኩት ጥናት የእናንተ ኖሯል፤ የሻምበሉ ስም በባዕድ ፊደል ተጣሞ ስለተጻፈ አላወቅኩትም።

የቢሮዬ መስኮት የሚያየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሁለት ኮምፒውተር ጋር ተፋጥጬ ነው የምውለው። አባቴ በሕይወት ሳለ «ሰው መጻፉን ትቶ የጻፈውን ይቆጥራል?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ዛሬ ቢኖር ኖሮ አፉን አስይዘው ነበር። ከወንበሬ ተነስቼ እልል ስል የጎን ባልደረባዬ የታመምኩ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

የመሥሪያ ቤታችን ማኅተም ያለበት ማረጋገጫ አብሬ ልኬያለሁ። ለማስረጃ ማስረጃውን ይስጡልኝ! ሎጋውን አንገቱ ከደረሱ ይሳሙልኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 9

ይድረስ ለኩራቴ፣

እጅሽ ይባረክ፣ ብዕርሽ አይንጠፍ፣ ጠላትሽ ይፈር! ደብዳቤሽ የመጣ ዕለት ባለቤቴ «ምነው ቆብህ ጠበበህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጭንቅላቴ አብጦ ነበር።

ማኅተም ያለበትን ወረቀት መጀመሪያ ለዘበኛው አነበብኩለት። ከዚያ ለልብስ አጣቢዎቹ፣ ከዚያ መመገቢያ አዳራሹ መሃል ቆሜ ለሁሉም። ከዚያ ማስረጃ ቢሮ ገባሁ። ገና ቁጥሩን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሳ። ልጄ፣ ያ ሰው ለጄኔራል እንኳን እንደዚያ ሲነሳ አይቼው አላውቅም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና «አራት መቶ አሥራ ሁለት! እኔ እንዴት አልሰማሁም? የዓለም ሊቃውንት ምን እንዳሉ ዛሬውኑ አነባለሁ። ሆስፒታሉ ከዚህ በኋላ በዚህ ጥናት ነው የሚመራው» አለ። እኔም «እንግዲህ ይምሩት» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ሎጋውም መጥቶ ነበር። «አባባ አሁን በነፃ ነው የምታናግረን ወይስ ቀጠሮ እንያዝ?» ብሎ ቀለደብኝ። ቦቴው ፍሬኑ ያስቸግረዋል፤ እሱ ግን ሁሉ ነገር ሳቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርብሽ። ከእነዚያ አራት መቶዎቹ ጥቂቱን፣ ምን ብለው እንዳመሰገኑን ተርጉመሽ ላኪልኝ። ለተማሪዎቼ ላነብላቸው ነው። ወጥ ቤቱና ሾፌሩ እነሱም ዓለም የሚያወራላቸው ሰዎች መሆናቸውን ይወቁ።

አጎትሽ


ጥር 24

ለጋሼ፣

ሰላምዎ ይብዛ፣ ቤትዎ ይሙቅ። ደህና ነኝ። ሥራ ስለበዛብኝ ዘገየሁ፣ ይቅርታ።

ትርጉሙን ጀምሬያለሁ፤ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያው አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ማስረጃ ያነበበው የቱን ነው? የእናንተን ጥናት ራሱን ነው ወይስ ስለ እናንተ የጻፉትን? ሻምበሉ የጻፉትን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያነበበ ይመስልዎታል? እባክዎ በቶሎ ይጻፉልኝ፤ እስከዚያም ምንም ተጨማሪ ወረቀት አይስጡት። ለምን እንደምጠይቅ ኋላ እነግርዎታለሁ።

ሎጋውን ፍሬኑን አሠራ ይበሉልኝ።

ልጅዎ


የካቲት 28

ይድረስ ለልጄ፣

ጤና ይስጥሽ። እኛ በጤና አለን፣ በደስታ ግን አይደለንም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። በሩ ስልሽ የእውነት በሩን ነው። የማስተምርበት ክፍል ላይ ቁልፍ ገባበት፤ አሁን የፍራሽ መጋዘን ሆኗል። ማስረጃ አዲስ መመሪያ አወጣና ለየክፍሉ በተነ። ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ «ሐኪም ወይም ነርስ ያልሆነ ማንኛውም ወታደር በቁስለኛ ላይ ማሰሪያ ማሰር ክልክል ነው። ቁስሉን በጨርቅ ተጭኖ ባለሙያ ይጠብቃል። የተላለፈ ይጠየቃል»። ግርጌው ላይ ምንጭ ተብሎ የተጻፈው የሻምበል ሐኪሙ ስም ነው። የእኛ ጥናት! ዓይኔን አሸሁ፣ መነጽሬን ጠረግኩ፣ አሁንም የእኛ ጥናት ነው።

ሮጬ ሄድኩበት። «ጌታዬ፣ ይህ እኮ እኛ ያልነው ተገላቢጦሽ ነው» አልኩት። «ፋሻ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሊቅ ሐኪም ያልሆነ ሰው ሲያስር ጉዳት ያደርሳል እያለ እናንተን ነው የሚጠቅሰው። ቁጥሩን ያመጡልኝ እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ?» አለኝ። ንዴት አልነበረበትም፣ የሚያምነውን ነው የነገረኝ። መመሪያውን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

መመሪያው ማሰሪያዎቹም ከወታደሩ እንዲሰበሰቡ ያዝዛል። ሰብሳቢው ማን እንደሆነ ገምቺ። እኔው ነኝ። ምሽግ ለምሽግ እየዞርኩ፣ ከየቀበቶው እያስፈታሁ፣ በገዛ እጄ ያደልኩትን በገዛ እጄ ለቀምኩት። ሎጋው «እኔ አልሰጥም» ብሎ ነበር። «ቁጥሩ ካልሞላ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አልኩት። ፈቶ እጄ ላይ አኖረልኝና «በል እንግዲህ አባባ፣ ነፍሴን በአደራ ሰጥቼሃለሁ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሌላ ምን ላደርግ?

አንቺ ግን አንድ ነገር ታውቂያለሽ። የጥር ደብዳቤሽ ጠረኑ ሌላ ነበር። ምን ብለን ነው የጻፍነው? እውነቱን ንገሪኝ፣ አታባብዪኝ።

አጎትሽ


መጋቢት 20

ለጋሼ፣

እግርዎ ሥር ወድቄ ብለምንዎ ይሻለኝ ነበር፤ ሩቅ ነኝ።

እናንተ የጻፋችሁት ትክክል ነው። ጥናቱን አሁን ሙሉውን አነበብኩት። አሁን፣ ጋሼ። ኅዳር ላይ እልል ስል አላነበብኩትም ነበር፤ ቆጠርኩት እንጂ።

የመጀመሪያው ገጽ የሚናገረው ገና አንድም ወታደር ሳይሠለጥን ስለነበረው ጊዜ ነው። በሽቦ ያሰረ፣ በጫማ ክር ያሰረ፣ ከቁስሉ በታች ያሰረ፣ በዚያም የተነሳ እግራቸውን ያጡ ሰዎች። እርስዎ ያስተማሯቸው፣ ከዚያ በኋላ የተረፈው ሰው ሁሉ፣ ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ነው ያለው። አንድ ስመ ጥር ፕሮፌሰር የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይተው «ሐኪም ያልሆነ ሰው ሲያስር ጉዳት ያደርሳል» ብለው እናንተን ጠቀሱ። ከኋላቸው የመጡት ጥናታችሁን አልከፈቱም፤ ከፕሮፌሰሩ ገለበጡ። እንዴት እንዳወቅኩ ልንገርዎ? ፕሮፌሰሩ የገጹን ቁጥር ተሳስተው ጽፈውታል። ሁሉም ያንኑ የተሳሳተ ቁጥር ይዘው ነው የሚዞሩት። በትክክል ያነበቧችሁ ጥቂት ናቸው፤ እነሱን ደግሞ የሚጠቅሳቸው የለም።

ዝም አላልኩም። ለመጽሔቱ አዘጋጅ ጻፍኩ፤ «ማስተካከያ የምንቀበለው ከዋናው ጸሐፊ ነው» አሉኝ። ዋናው ጸሐፊ ሞተዋል አልኳቸው፤ «ኀዘናችንን እንገልጻለን» ብለው መለሱ። አስተማሪው በሕይወት አሉ አልኳቸው፤ ምስጋና የተጻፈለት ሰው እንደ ጸሐፊ አይቆጠርም አሉ። ለፕሮፌሰሩ ጻፍኩ፤ ጡረታ ወጥተዋል፣ የቢሮ ጸሐፊያቸው ስለ አክብሮቴ አመስግናኛለች። አለቃዬ ጋ ገብቼ ከሪፖርቱ እናውጣው ወይም ከሥሩ ማስታወሻ እንጻፍ ብዬ ተከራከርኩ። «የእኛ ሥራ መቁጠር ነው፣ መፍረድ አይደለም» አለኝ። እኔም ለስንት ዓመት ይህንኑ ስል ኖሬያለሁ።

ሙሉውን ጥናት ተርጉሜ፣ ሁለተኛውን ገጽ በቀይ አስምሬ ለማስረጃ በቀጥታ ልኬለታለሁ። ካነበበው ሰው ነውና ይመለሳል። ፍርዱን ሳይሰሙ ተስፋ አይቁረጡ።

በቁጥር የጎዳችዎ ልጅዎ


ሚያዝያ 19

ልጄ፣

ራስሽን አትቅጪ። ቁጥሩን ብቻ ላኪ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ አደባባይ ላይ ቆሜ የለፈፍኩትም እኔ ነኝ። ሻምበሉም ልማዱ ነበር፤ ነገር ሲጀምር ከጥፋቱ ነው። «መጀመሪያ ውርደታችንን እንናገር፣ ከዚያ ሙያችንን» ይል ነበር። ሰው ውርደቱን ብቻ ሰምቶ ተነስቶ እንደሚሄድ አላሰበም።

ማስረጃ የላክሽለትን አነበበው። ከልቡ አነበበው፣ አልዋሽም፤ ጠርቶ አወያየኝ። «ልክ ነዎት፣ ጥናቱ እርስዎ እንዳሉት ነው። ግን አንድ ጥናት ነው። ከአራት መቶ ጋር ሚዛን ላይ አውጥቼ እንዴት ላጋድለው? የበላይ አካል ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?» አለኝ። አራት መቶው እኮ ያ አንዱ ነው ብዬ ጮህኩ። ጩኸቴን በገዛ ጆሮዬ እንኳን አልሰማሁትም።

ሎጋው ከሳምንት በኋላ ወደ ሩቁ ምሽግ ይዛወራል። አዳዲስ ልጆች ናቸው አብረውት ያሉት፤ አንዳቸውም በእጄ አላለፉም። ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

አጎትሽ


ሰኔ 15

ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? እትዬስ? ከሚያዝያ ወዲህ ደብዳቤዎ ስላልደረሰኝ ነው። ሪፖርታችን ታትሞ ወጣ። ጥናታችሁ ሰባተኛ እንደሆነ ነው፣ ማስታወሻም አልገባበትም። ሥራውን ልለቅ አስቤ ነበር፤ ብለቅ ሌላ ሰው ይቆጥረዋል። ሎጋው አዲሱን ምሽግ ለመደው?

ልጅዎ


ሐምሌ 22

ለጋሼ፣

ምነው ዝም አሉኝ? ተቀይመውኝ ከሆነ ይስደቡኝ፣ ስድብዎ ይሻለኛል። ጎረቤት ጋ ደውዬ ነበር፤ ባለቤትዮዋ ድምፄን ስትሰማ «ደህና ናቸው፣ ሁሉም ደህና ናቸው» ብላ ስልኩን ቶሎ ዘጋችው። ስለ ሎጋው ጠይቄያት አልመለሰችልኝም። እባክዎ አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ነሐሴ 17

ልጄ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። አልተቀየምኩሽም። ሎጋው የለም።

ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ብቻሽን ነሽ፣ አጠገብሽ ሆኖ የሚይዝሽ ሰው የለም ብዬ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ጎረቤታችንንም ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ።

ቦቴው ፈንጂ ረገጠ። የፊት ጎማው ነው የረገጠው። ሎጋው ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ተመታ። ሌላ የነካው ነገር የለም፤ ልቡም፣ ሳንባውም፣ ያ ረጅም ቁመቱም ደህና ነበር። ሦስት ልጆች አብረውት ነበሩ። ማሰሪያ አልነበረም፤ ለምን እንዳልነበረ ታውቂያለሽ። «በቀበቶ፣ ከላይ፣ ጭኔ ላይ እሰሩት፣ እስክጮህ አጥብቁት» አላቸው። እኔ እንዳስተማርኩት፣ ቃሉን ሳያዛንፍ። አንደኛው ልጅ ቀበቶውን ፈትቶ ነበር። የጓድ መሪያቸው «መመሪያው ክልክል ነው ይላል፣ ብታስር ትጠየቃለህ» ብሎ እጁን ያዘው። ስለዚህ ጨርቅ ይዘው ተጫኑት። በደንብ ተጫኑት፣ መመሪያው እንደሚለው። ሎጋው መጀመሪያ ተቆጣቸው፣ ቀጥሎ ለመናቸው፣ ከዚያ ዝም አለ። የሕክምናው መኪና ደርሶ ነበር። ዘግይቶ ደረሰ።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ያ ቀበቶውን የፈታው ልጅ ነው። ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። አልረገምኩትም። ውሃ ሰጥቼ ሸኘሁት። ባለቤቴ የሎጋውን ልብስ ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። ሆዴ ተቃጥሏል፣ ልጄ።

ማስረጃ ለቅሶ ደርሶናል። እንደ ሰው አለቀሰ፣ የእውነት ነው ያለቀሰው። ሁለተኛም መጣ። በሦስተኛው ወረቀት ይዞ መጣ። መመሪያው ከወጣ ወዲህ ባለሙያ ሲጠበቅላቸው ያለፉ ሰባት ሰዎች ተገኝተዋል፤ ስለነሱ ጥናት ጽፎ ለመጽሔት ሊልክ ነው። «ይህ ከታተመ መመሪያውን ለመቀየር ማስረጃ ይሆነኛል፤ የቤተሰብ ፈቃድ ያስፈልገኛል» አለኝ። ስንት ወር ሙሉ የታለ ሲል የነበረውን አሁን አገኘ። ልወረውርበት ያነሳሁትን ብርጭቆ መልሼ አስቀመጥኩና ፈረምኩለት።

ይቀየራል ብዬ አይደለም የፈረምኩት። የመጀመሪያውን ገጽ አይተው ደግሞ ሌላ ነገር ይሉታል፤ ከዚያም አራት መቶ ሰው ይገለብጠዋል። ከእንግዲህ ቢቀየርስ ለእኔ ምን ሊረባኝ። የፈረምኩት ልጄ እንዴት እንደሞተ የሆነ ቦታ ተጽፎ ይገኝ ብዬ ነው።

ሲወጣ መቼም አንቺ ጋ መድረሱ አይቀርም፣ እንጀራሽ ነው። እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ስም አይጽፉም። ማስረጃ ረቂቁን አሳይቶኛል፤ ከኋላ ባለው ሠንጠረዥ አራተኛው መስመር ላይ «ወንድ፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሾፌር» ይላል። ሎጋው ነው።

አጎትሽ